ጣሪያ በሌለው ቤት ደጃፍ

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውሰውም፤ ብቻ ሙቀት ነበር። ታላቅ ወንድሜን፣ ጋሼን፣ ይዤ ከአትላንታ ወደ ባሕሩ ዳር ወረድን። እንግሊዞች ወደዚህ ግዛት መጀመሪያ ሲመጡ የሠሩትን ምሽግና ሰፈር ልናይ ነው። ከቤቶቹ የቀረው የጡብ መሠረት ብቻ ነው። ተራምጄ ልገባ ስል ጋሼ ምርኩዛቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ። ጋሼ የሰው ደጅ ሲደርሱ ሳይጣሩ አይገቡም።

«ቤቶች!» አሉ።

«ጋሼ፣ ሰዎቹ እኮ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው።»

«ታዲያ ቤቱ ያንተ ሆነና ነው ዘው የምትል?»

ግቡ የሚለን ስለሌለ፣ ፀሐይ ላይ ቆመን ቆይተን ተመለስን።

ዛሬ አትላንታ አጠገብ፣ ስማይርና ያለው ክፍላቸው ባዶ ነው። ከቀብራቸው በኋላ ልብሳቸውን ላወጣ ሄጄ፣ በሩ ተከፍቶ ሳለ መግባት አቃተኝ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እጄን ይዛ ያስገባችኝ ልጃቸው ጽጌ ናት።