«ካርዴን ይዤለት ስሄድ»

ልጄ ስለ እኔ የጻፈችው ዓረፍተ ነገር ግማሹ ላይ ተቆርጦ ቀረ። «አባቴ ማንበብ አይችልም ነበር። አንድ ቀን የትምህርት ቤት ካርዴን ይዤለት ስሄድ» ይላል፤ ከዚያ በታች ነጭ ነው። ነጩ መሃል አንዲት ክብ ነገር ትሽከረከራለች። ትሽከረከራለች እንጂ የምታመጣው ነገር የለም።

ገጹን የላከልኝ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ከእኔ በታች የሚኖረው ጎረቤቴ ነው። «ልጅህ ኢንተርኔት ላይ ጽፋለች፤ አንተም አለህበት» አለኝና ሄደ። የቀረውን እሱን ጠይቀው ትሉኝ ይሆናል። አልጠይቅም። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ዓመቴ ነው፤ ማታ ትምህርት ቤት፣ ለልጅ በተሠራ ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ። አሁን ሄጄ «ቀጥሎ ምን ይላል?» ብዬ ብጠይቀው ያ ሰውዬ ለብሎኩ ሁሉ «ዛሬም አያነብም» ብሎ ያዳርስልኛል። አውቀዋለሁ።

ልጄንስ? እናቷ ከሞተች ወዲህ በበዓል ትደውላለች። «ደህና ነህ?» ትላለች፣ «ደህና ነኝ» እላለሁ፣ አለቀ። የምትኖረው እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው። በታክሲ የሚደረስበት ሰው ሲጠፋ የሚያጽናናህ እንኳ አታገኝም።

ስለዚህ ከስልኩ ጋር ተያያዝኩ። ገጹን በጣቴ ወደ ታች እየጎተትኩ ለቀቅኩት። አጥፍቼ አበራሁት። ኔትወርክ ነው ብዬ ልብስ ማስጫው ድረስ ወጥቼ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘረጋሁት። ፓኬጅ አልቆ ይሆናል ብዬ ሌላ ሞላሁ። ያው «ስሄድ» ላይ ይቆማል።

እሱ ሲቆም እኔ እቀጥልለት ነበር። ስሄድ መታኝ? እጄን አንስቼባት አላውቅም። ስሄድ ካርዱን ገልብጦ ያዘው? ይሄ ሊሆን ይችላል። ስሄድ ጮኸብኝ? ጮኼ ይሆናል፤ የማይጮህ አባት ካለ ያሳዩኝ። ለእያንዳንዱ መልስ አዘጋጀሁ። ብቻውን የሚኖር ሰው መልስ ለማዘጋጀት ጊዜ ሞልቶታል። ያልቻልኩት አለማወቁን ነበር፤ ልጄ በሰው ፊት ምን ብላ እንዳስቀመጠችኝ ሳላውቅ ደረጃው ላይ የጎረቤቶቼን ሰላምታ ዓይነት መለየት አቃተኝ።

በመጨረሻ ቤቴል ወዳለ የሞባይል ጥገና ቤት ሄድኩ። ጠጋኙ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ጎልማሳ ነው። ስልኩን ገለባበጠው።

«ፋዘር፣ ኔትወርኩ ደህና ነው። ይሄን ሰዓት ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ።»

«ቀኑንም? ዓመተ ምሕረቱንም?»

«ሁሉንም። ስገዛው ሁለት ሰዓት ሲሆን ስምንት ይለኝ ነበር። ዓመቱም ከኛ አልፎ ሄዷል። አስተካከልኩት።»

ሳቁን መያዝ አቃተው። «እርስዎ እኮ ልክ ነዎት። ስልኩ ነው ሐበሻ ያልሆነው!»

«ምን ያስቃል?»

«አይቆጡ። ስልክዎን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መልሰውታል። ገጹ ሁሉም ከአንድ ቦታ አይመጣም፤ ላይኛው ጽሑፍ ከአንድ፣ ፎቶውና የቀረው ከሌላ ቦታ ነው። ላይኛው ያለ መታወቂያ ይገባል፤ የቀረው ሲመጣ ግን በር ላይ መታወቂያ ያሳያል። ስልክዎ ቀኑን ያይና ‹ይሄ መታወቂያ ገና አልወጣም› ብሎ ይመልሰዋል።»

ጥበቃ ስለሆንኩ ይሄ ገባኝ። እኔም አላስገባውም ነበር።

ሰዓቱንም ዓመቱንም የፈረንጅ አድርጎ መለሰልኝ። ገጹ እስከ ታች ወረደ። «እዚሁ ያንብቡት» አለኝ፤ እምቢ አልኩ። ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ፌርማታው ጋ ሄጄ ግድግዳ ተደግፌ አነበብኩት።

«ካርዴን ይዤለት ስሄድ ተኝቶ አገኘሁት። እናቴ ፈረመችልኝ።»

አበቃ። ከዚያ በኋላ ያለው በሙሉ ስለ እናቷ ነው፤ እጇ፣ ቀሚሷ፣ ጽሕፈቷ። የእናቷ ፎቶ አለ። እኔ ከዚያ መስመር በኋላ የለሁም። ደግሜ ከላይ እስከ ታች ሄድኩበት፤ ምናልባት ዘልዬው ይሆናል ብዬ፣ አንዳንዴ እዘላለሁና። አልዘለልኩም። ያን ሁሉ መልስ ይዤ ቆምኩ፣ የሚሰድበኝ እንኳ የለም። ታክሲ መጣ፣ ረዳቱ «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ! የሞላ!» ይላል፤ አሳለፍኩት።

ለምን እንደተኛሁ አልጻፈችም። ያኔ ቆሼ፣ የከተማው ቆሻሻ መጣያ አጠገብ፣ መጋዘን እጠብቅ ነበር። ሌሊቱን ጢሱን ስውጥ አድሬ፣ ስገባ ልጅቷ ቦርሳዋን አንግታ ስትወጣ በር ላይ እንተላለፋለን። ስትመለስ እኔ ተኝቻለሁ። አንድም ቀን አልቀሰቀሰችኝም። ብትቀሰቅሰኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ልፈርም አልችልም፣ ግን እነሣ ነበር።

ከገጹ ግርጌ «አስተያየት ይጻፉ» የሚል ሳጥን አለ። በአንድ ጣት ጻፍኩ፦ «የተኛሁት የሌሊት ተረኛ ስለነበርኩ ነው።» ስም ሲጠይቀኝ «አባት» አልኩ። ላክ የሚለውን ነካሁት።

«አስተያየትዎ ከታየ በኋላ ይወጣል» ይላል። ማን እንደሚያየው አይልም።