የሰሌን ጎማ

ብስክሌት ነድቶ የማያውቅ ሰው ስለ ብስክሌት ምክር አያልቅበትም። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስለዚህ የትኛውን ነገር ማን እንዳስተማረኝ አልረሳም። ይህንን ያስተማረኝ አንድ የከባድ መኪና ረዳት ነው። ምስጋና ግን የለውም።

በደርግ ጊዜ አሰብ ወደብ ጆንያ ተሸካሚ ነበርኩ። ከሰፈሬ ወደብ በእግሬ ስደርስ፣ ገና አንድ ጆንያ ሳልነካ ላቤ ጫማዬ ውስጥ ይንቦጫቦጫል። ጎረቤቴ የነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ የሚሠራ የድሬዳዋ ሰው ነበር። ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ብስክሌቱን ለሰው ጥሎ ሊሄድ ሆነ። እኔም ፈለግኳት፣ ረዳቱም ፈለጋት። እኔ ለእግሬ፣ እሱ መኪናው ጭነት እስኪያገኝ ድረስ ሴቶች ፊት ሊሽከረከርባት።

"አቦ አታድርቁኝ!" አለ ድሬዳዋው። "አንተ ሽማግሌው፣ እሑድ በባሕሩ ዳር እስከ በይሉል መንደር ሂድ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እየነዳህ ተመልሰህ እዚህ ደጄ ላይ ከደረስክ ያንተ ናት። ካልደረስክ እሱ ይውሰዳት።"

"ታዲያ ምን አለፋው፣ ዛሬውኑ ልውሰዳታ!" አለ ረዳቱ።

ቅዳሜ ማታ ይኸው ረዳት ሊያግዘኝ መጣ። የመኪና ረዳቶች መንገድ ላይ በቆሙ ቁጥር ወርደው ጎማውን ሁሉ በብረት ይመታሉ፤ ድምፁን ሰምተው ነው አየሩን የሚያውቁት። የብስክሌቷንም ጎማ በብረት ዷ አደረገው።

"ጋሼ፣ ይሄማ ሬሳ ነው። ንፋ!"

ነፋሁ። መታ። "ንፋ!" ጎማው እንደ ደወል እስኪጮህ አስነፋኝ። ተንኮል ይሁን ድንቁርና እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ ሁለቱም ይሆንለታል።

የምጠጣውን ውሃ መሪው ላይ በአንድ ጎን አስሬ በማለዳ ወጣሁ። ብስክሌቷ በረረች። እኔ ይህን ያህል ጎበዝ መሆኔን እንዴት ሳላውቅ አረጀሁ አልኩ። አሸዋ ሲያጋጥመኝ ግን ያ እንደ ድንጋይ የደረቀ ጎማ ስምጥ ይላል፤ እወርድና እሸከማታለሁ። ግመል የሚነዳ አፋር ቆሞ አየን፣ ማን በማን ላይ እንደተቀመጠ ግራ ሳይገባው አልቀረም።

በይሉል ደረስኩ። ብስክሌቷን ፀሐይ ላይ ግድግዳ አስደግፌ ሻይ ቤት ገባሁ። ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ እያለሁ፣ ጧ!

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ ሰው ምንድነው ብሎ አይጠይቅም፤ ይተኛል። ሻይ ቤቱ በሙሉ ወለል ላይ ተነጠፈ። አንድ ሚሊሻ መሣሪያውን ደግኖ መጣ።

"ማነው የተኮሰው?"

"ብስክሌቷ ናት ጓድ።"

"ምን አጉርሰሃት ነው?"

"አየር ብቻ ጓድ።"

አላመነኝም፤ ኮርቻውን ገልብጦ ፈተሸ። እኔ የኋላውን ጎማ አየሁት። የውስጡ ላስቲክ ተበጣጥሷል፣ የላይኛው ጎማ ጎኑ እንደ ዓሣ ሆድ ተተርትሯል። ረዳቱ ብስክሌቷ ላይ ተቀምጦ ሲያፏጭ ታየኝና ልቤ ቆሰለ።

በሩ ጥግ ሰሌን የምትሰፋ አሮጊት ነበረች። ድምፁ ሲሰማ ያልተኛች እሷ ብቻ ናት።

"ምን ይበላል?" አለችኝ ወደ ጎማው እያየች።

"ንፋስ ነው የሚበላው፣ እናቴ።"

"አብልተህ ገደልከው።"

ሳቀችብኝ፤ ከዚያ እጇን ዘረጋች። የምትሰፋበትን የዘንባባ ቅጠል እያረጠብን ጎማው ውስጥ ጠቀጠቅነው፤ የተተረተረውን ጎን በወስፌዋ እንደ ሰሌን ጠርዝ አድርጋ ሰፋችው።

የመልሱን መንገድ አታንሱብኝ። ጠዋት ጎበዝ ያደረገኝ ንፋስ ከኋላዬ ስለነበር ነው፤ አሁን ከፊቴ ቆሞ ወደ በይሉል ይገፋኛል። ጎማው እንደሚያመሰኳ ግመል ቅርጭጭ ቅርጭጭ ይላል። ኮርቻው ቂጤን ምን እንዳደረገው እንኳ ተዉት። ግን ፀሐይዋ ተራራው ጫፍ ላይ ሳለች፣ እየነዳሁ፣ እየተንገጫገጭኩ በሩ ላይ ደረስኩ።

ድሬዳዋው ደጁ ላይ ሰሌን አንጥፎ፣ ረዳቱ አጠገቡ ተቀምጦ ይጠብቁኛል።

"በይሉል የሚባል አልሄደም!" አለ ረዳቱ ገና ሳልወርድ። "ግራር ሥር ተኝቶ ነው የመጣው። ማን አየው?"

ድሬዳዋው ጎንበስ ብሎ ጎማውን ዳሰሰ። ከዚያ የተቀመጠበትን ሰሌን ጠርዝ ገለበጠ። ያው ስፌት፣ ያው አጣጣል። የበይሉል ሰሌን ነበር የተቀመጠበት።

"አቦ፣ ይሄን ስፌት ግራር ሰፋው በለኝ!" ብሎ ሳቀ። "ውሰዳት፣ ያንተ ናት።"

ረዳቱ ትንሽ አኮረፈ፤ ከዚያ ማወቅ አማረው። "ጋሼ፣ ውሃውን የት አሰርከው?"

"መሪው ላይ። አንተ እንዳታስር፣ ወደ ባሕር ይጎትትሃል። ከኋላ፣ ግራና ቀኝ እኩል አድርገው።"

"ጎማውንስ?"

"በአውራ ጣትህ ተጫነው። ብረትህን ለተሳቢህ ተውለት።"

"ቂጥህስ?"

የብስክሌት ባለቤት የሆንኩት በዚያች ምሽት ነው፤ ግን ልቀመጥባት ብዬ እግሬን ባነሳ አልቻልኩም። ሁለቱ እያዩኝ፣ ብስክሌቴን እየገፋሁ በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።