የአባ ኮቦል ሙሉ ስም

በዚያ የአውቶቡስ ትኬት ድርጅት የኮምፒውተር ክፍል ሰው እናት አባቱ ባወጡለት ስም አይጠራም፤ ፕሮግራም በሚጽፍበት ቋንቋ ነው ስም የሚወጣለት። ስም ማውጣት ላይማ ማን ብሏቸው! የቋንቋዎቹ ስም በእንግሊዝኛ እባብና ዝገት ማለት ነውና፣ በፓይተን የሚጽፉት “እባቦች”፣ በራስት የሚጽፉት “ዝገቶች” ናቸው። በጥንቱ በኮቦል የሚጽፍ ግን አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበር የቀረው፤ እሱም አባ ኮቦል። የትኬቱን ፕሮግራም ሲጽፍ ስም አውጪዎቹ ገና አልተወለዱም።

“አባ፣ ይሄ ቋንቋ እኮ ሞቷል” ይሉታል እየሳቁ።

“እሱ ከሞተ እናንተን ደመወዝ የሚያበላችሁ ማን ነው?” ይላል፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ።

ከእባቦቹ አንዷን አብልጦ ይወዳት ነበር። ኮቦልን ልማር ብላ አጠገቡ ወንበር የሳበች እሷ ብቻ ነበረችና። አራት ዓመት ጎን ለጎን ተቀመጡ። ታሞ ዕቃውን በፌስታል ሰብስቦ የወጣ ዕለት እጇን ያዘ።

“እባቢት፣ መጥተሽ ትጠይቂኛለሽ አይደል?”

“ምን ጥርጥር አለው አባ! ቅዳሜ እመጣለሁ።”

ቅዳሜ ሥራ ገባች። የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ። ነገ ነገ ስትል ሁለት ወር ሄደ። እውነቱን እናውጣው ከተባለ ሥራው ሰበብ ነው፤ ከስቶ ማየቱን ፈርታ ነው የቀረችው።

አንድ ማክሰኞ መግቢያው ላይ የሐዘን ማስታወቂያ ተለጠፈ። የሟች ስም ከነአባቱ ከነአያቱ፣ የቀብሩ ሰዓት፣ ከታች ማኅተም። ፎቶ የለውም። ቆማ አነበበችው።

“ማን ይሆን?” አለችው ከኋላዋ የመጣውን ዝገት።

“እኔ እንጃ። የጋራዥ ሰው ይሆናል።”

“ነፍስ ይማር” ብላ ወደ ሥራዋ ወጣች።

በሳምንቱ የትኬቱ ፕሮግራም ቀጥ አለ። ታች ተሳፋሪው መስኮቱን ይደበድባል፤ ላይ እባቡም ዝገቱም ቢረባረብ ወይ ፍንክች። “ለአባ ኮቦል ደውዪለት” አሏት። ደስ አላት። እግረ መንገዴን ይቅርታ እጠይቀዋለሁ ብላ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው እህቱ ናት።

“ወንድሜን ነው? ልጄ፣ ከቀበርነው እኮ ሳምንት ሆነው። ማስታወቂያውን ራሴ ነኝ ያመጣሁላችሁ። አልተለጠፈም እንዴ?”

“ተለጥፏል።”

“ታዲያ እያያችሁ ነው የቀራችሁት?”

ስሙን አናውቀውም ነበር ይባላል?

እህቱ ስልኩን ዘጋችው። እሷም እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ፕሮግራሙን ከፈተች። ሥራው ሥራ ነው፣ ተሳፋሪ ቆሟል። የተሰናከለበትን መስመር ስታገኘው በላዩ የአባ ማስታወሻ አለ፤ ማሽኑ የሚዘለው፣ ለሰው ብቻ ተብሎ የሚጻፈው ዓይነት። ቀኑ ፌስታሉን ይዞ የወጣበት ቀን ነው። “እዚህ ጋ ከቆመ አትሸበሩ፤ እሷን ጥሯት፣ ታውቀዋለች” ይላል። ከሥሩ ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ፣ አንድ ፊደል ሳያዛንፍ ጽፎታል።