የእሁድ ከሰዓት ዳኞች

ባለፈው ሳምንት የመጋረጃ ጨርቅ ፍለጋ መርካቶ ወርጄ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ካሉት ጨርቅ ቤቶች አንዱ ውስጥ ስገባ፣ ሦስት ወጣት ሻጮች አንዲት ስልክ ጣቃ ላይ አስደግፈው፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ተከታታይ ድራማ እያዩ ነበርና እኔን ከቁብ የቆጠረኝ አልነበረም። ስልኳ ውስጥ አንዲት ሴት ታለቅሳለች፤ ፖሊስ በሯን ያንኳኳል፤ ባሏ አልጋ ሥር ተደብቋል።

«ትሰጠዋለች በቃ! ነፍሰ ገዳይ አይደል እንዴ?» ትላለች አንዷ።

«ምን ሆና ነው የምትሰጠው? የልጆቿን አባት!»

ሦስተኛዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወደ እኔ ዞረችና፣ «ማዘር፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን። እርስዎ ቢሆኑ አሳልፈው ይሰጡታል?» አለችኝ።

ልጅቷ ለጨዋታ ነው የጠየቀችኝ። እኔ ግን «እመለሳለሁ» ብዬ ጨርቁን ሳልገዛ ወጣሁ። ደጅ፣ ጋሪ ገፊው «ዞር በይ! ዞር በይ!» እያለ ሲያልፈኝ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ከየት እንደሆነ እንጃ፣ አዲስ የተፈጨ ኮረሪማ ሸተተኝና ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ወሰደኝ።

ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እዚያው አካባቢ፣ ዛሬ ፎቅ በበቀለበት ቦታ፣ አሥራ አንድ ቤተሰብ በአንድ ቧንቧ የሚጠቀምበት ግቢ ነበረን፤ ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሳ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምንለው ከአልጋችን ሳንነሳ ነበር። ቴሌቪዥን የነበረው ግን አንድ ቤት ብቻ ነው፤ የእትዬ ረሒማ ቤት። እትዬ ረሒማ ባላቸው የሞተባቸው ቅመም ነጋዴ፣ ደልደል ያሉ፣ ሲስቁ ትከሻቸው አብሮ የሚስቅ ሴት ነበሩ። አቅፈው ሲስሙን ከሻሻቸው የሚነሳው የበርበሬና የጥቁር አዝሙድ ብናኝ ያስነጥሰን ስለነበር፣ እኛ ልጆች እትዬ ረሒማን ሰላም የምንላቸው ትንፋሻችንን ይዘን ነው።

እሁድ ከሰዓት ከየቤታችን የመቀመጫ ዱካችንን ይዘን እሳቸው ቤት እንገባለን። በሩ ላይ ከሚቆለለው ጫማ ብዛት የተነሳ ስንወጣ አንድ እግር የራሴን፣ አንድ እግር የሰው አድርጌ ቤቴ የገባሁበት ቀን ብዙ ነው። እትዬ ረሒማ ቴሌቪዥኑን የሸፈነውን ዳንቴል እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ በቀስታ ይገልጡታል። አንድ ልጃቸው ከድር ደግሞ ጣሪያ ላይ ይወጣና አንቴናውን ያዞራል። ከድር ሃያ ዓመት የሞላው፣ አትክልት ተራ በሚጭን አይሱዙ ላይ ረዳት ሆኖ የሚሠራ፣ ሳያስቀን የማይውል ልጅ ነበር። «አሁንስ? ታየ?» ይላል ከላይ። «ትንሽ ወደ መስጊዱ!» እንላለን ከታች። ወደ መስጊዱ ሲዞር ምስሉ ይጠራል፣ ወደ አትክልት ተራ ሲዞር ድምፁ ይጠራል፤ ሁለቱን አስታርቆ እስኪወርድ ድረስ ድራማው ይጋመሳል፤ ያመለጠውን እኔ ነበርኩ ቁጭ አድርጌ የምተርክለት።

በዚያ ወቅት የያዘን ድራማ የአንድ ኢንስፔክተር ታሪክ ነበር። ኢንስፔክተሩን ከሰል ተሸክሞ ያስተማረው ታላቅ ወንድሙ ነው። ይህ ወንድም በጠብ መካከል አንድ ነጋዴ ይገድላል፤ በእሱ ቦታ የታሰረው ግን ምንም የማያውቅ ዘበኛ ነው። ምርመራው ደግሞ የተሰጠው ለራሱ ለኢንስፔክተሩ። እኛ ግቢ ውስጥ ያ ነገር ድራማ አልነበረም፤ የጎረቤት ጣጣ ነበር። ልብስ ሰፊው ጋሽ በቀለ ሰኞ ጠዋት ሱሪ ሊያስጠብቅ ለመጣ ሰው ስለ ኢንስፔክተሩ ሳይነግሩት መርፌ አይነኩም ነበር። እናቴ ወጥ እያማሰለች፣ «አሁን ያ ዘበኛ ምን በልቶ ያድር ይሆን?» ስትል የሰማኋት እውነተኛ እንባ አቅርራ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ማለዳ አትክልት ተራ ውስጥ አንድ አይሱዙ ወደ ኋላ ሲሄድ ሽንኩርት የተሸከመ ሰው ግድግዳ ላይ አጣብቆ ገደለ። ሟቹ ከገጠር ከመጣ ሁለት ወር ያልሞላው ተሸካሚ ነበርና ስሙን የሚያውቅ እንኳ አልተገኘም። መኪናው ከድር የሚሠራበት ነበር። ሰው ተንጫጭቶ ሲደርስ መሪው ላይ የተገኘው ሾፌሩ ሲሳይ ነው። «እኔ ቁርስ ላይ ነበርኩ፤ ያንቀሳቀሰው ረዳቴ ነው፤ እኔ የወጣሁት ሰውየውን ላላቅቅ ነው» ቢልም የሚሰማው አጥቶ ታሰረ። ፖሊሶች ግቢያችን መጥተው ሲጠይቁ እትዬ ረሒማ በራቸው ላይ ቆመው፣ «ልጄ አሞት ከትናንት ጀምሮ ተኝቷል፤ ዛሬ ሥራ አልወጣም» አሉ።

ሁላችንም አመንን። እትዬ ረሒማ ሲዋሹ ሰምተን አናውቅም፤ ከድርም እውነትም ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተኝቶ ነበር። እኔ ግን ያን ዕለት ገና ሳይነጋጋ ለውሃ ወረፋ ስወጣ፣ አይ፣ ከነጋማ በኋላ ነው፣ ፀሐይ ቆርቆሮው ላይ ወጥታ ነበር፣ ከድርን ቧንቧው ሥር ጫማውን ደጋግሞ ሲያጥብ አይቼዋለሁ። «ሙሉ፣ ሳሙና አለሽ?» ብሎኝ ሰጥቼዋለሁ። ሁለቱን ነገር ለምን እንዳላገናኘኋቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ሳልፈልግ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ በመጣው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ እሁድ ነው። ኢንስፔክተሩ የወንድሙን ቀለበት ነጋዴው በሞተበት ክፍል ውስጥ አገኘው፤ አነሳው፤ ግራ ቀኝ አየና ኪሱ ከተተው፤ የዚያን ዕለቱም ክፍል እዚያ ላይ አበቃ። ቤቱ በአንድ ጊዜ ተናጋ።

«ጎሽ! የእናቱ ልጅ!» አሉ ጋሽ በቀለ ከመቀመጫቸው ተነስተው። «የቤት ገበና ማን አደባባይ ያወጣል? ከሰል ተሸክሞ ያስተማረውን ወንድሙን ሊያሳንቀው ነው?»

«ዘበኛውስ?» አልኩ እኔ። ያን ዓመት ትምህርት ቤት ስለ ሕግና ስለ እኩልነት ተምረን፣ መምህራችን አድንቆኝ፣ ምላሴ ረዝሞ ነበር። «ዘበኛው ልጆች የሉትም? የሱ ልጆች አባት አያስፈልጋቸውም? ያስረክበው!»

ግማሹ «ያስረክበው» አለ፣ ግማሹ «ይደብቀው» አለ፤ ቤቱ የቅዳሜ ገበያ መሰለ። ከድር፣ ያን ዕለት ድምፁ አልጠራ ብሎት ሳይወርድ ጣሪያው ላይ እንደቆመ፣ «አሁንስ? ታየ?» ሲል ይሰማኛል። ሦስት ጊዜ ጠየቀ፤ ጭቅጭቁ ላይ ስለነበርን የመለሰለት የለም። ያኔ ነው እትዬ ረሒማ፣ በድራማው ላይ አንድም ቀን ተናግረው የማያውቁት ሴት፣ ወደ እኔ ዘንበል ያሉት።

«ሙልዬ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። አንቺ ብትሆኚ ታስረክቢዋለሽ?»

«አስረክባለሁ።»

«የገዛ ወንድምሽን?»

«እናቴንም ቢሆን!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ጥቂቶቹ አጨበጨቡልኝ፤ እናቴ «እኔን? አንቺ!» ብላ አናቴን ኮረኮመችኝ። እትዬ ረሒማ ግን ትከሻቸው አልሳቀም። ዳንቴሉን አንስተው፣ ጫፍና ጫፉን አስተካክለው፣ ቴሌቪዥኑን ሸፈኑት።

በማግስቱ ጠዋት የዒድ ቀሚሳቸውን ለብሰው ከቤት ሲወጡ አየኋቸው። ከድርን የእጁ አንጓ ላይ ይዘውታል፤ መንገድ እንደሚሻገር ትንሽ ልጅ። እሱ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ፀጉሩ ከውሃው አልደረቀም። ጋሽ በቀለ ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው፣ «ወዴት ነው በጠዋቱ፣ ዘንጣችሁ?» ሲሉ፣ «መጣን» አሉ እትዬ ረሒማ፤ አልቆሙም። እኔም ደብተሬን ብብቴ አድርጌ «እንደምን አደሩ» አልኩ። «ደህና፣ ልጄ። እንዳይረፍድብሽ» አሉኝ።

እኩለ ቀን ላይ ወሬው ግቢ ደረሰ። እናትየው ልጃቸውን ፖሊስ ጣቢያ አስገብተው፣ «ያን ጠዋት የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ሰውየውን የገጨው ይኼ ነው» ብለው ተናገሩ። ሲሳይ በሳምንቱ ተፈታ። ሚስቱ ሁለት ልጆቿን አስከትላ መጥታ እትዬ ረሒማ እግር ላይ ስትወድቅ፣ «ተነሺ፤ መውደቅስ የነበረብኝ እኔ ነኝ» ብለው ሲያነሷት በመስኮት አይቻለሁ።

በሚቀጥለው እሁድ ልማድ ሆኖብን ሁላችንም ዱካችንን ይዘን ወጣን፤ ከዚያ ግቢው መሀል ቆመን ተፋጠጥን። ልንመለስ ስንል እትዬ ረሒማ በሩን ከፈቱና «ግቡ እንጂ» አሉ። ገባን። ምስሉ ሙሉ በሙሉ በረዶ ነበር፤ ጥላ እንኳ አይታይም። ጣሪያ ላይ ልውጣ ያለ ግን አልነበረም። ማን ደፍሮ ይወጣል? ኢንስፔክተሩ ከበረዶው ውስጥ ይናገራል፣ ወንድሙ ይመልስለታል፣ እኛ መሬት መሬት እናያለን። አንድ በአንድ ጫማችንን እያነሳን ወጣን። ድራማው እንዴት እንዳለቀ የግቢያችን ሰው አያውቅም።

እኔ ለአንድ ወር ያህል እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት እትዬ ረሒማ በርበሬ ሲነፉ ሄጄ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«እትዬ ረሒማ፣ እኔ እኮ ያን ቀን ስለ ድራማው ነው የተናገርኩት።»

ወንፊቱን አላቆሙም። «እኔስ ስለ ምን ጠየቅኩሽ? ስለ ድራማው አይደል?» አሉ፤ ቀጥለውም «ዓይንሽን እንዳያቃጥልሽ፣ ራቅ በይ» ብለው በክንዳቸው ገፋ አደረጉኝ።

ከድር ተፈረደበት። እናቱ በየሳምንቱ ምግብ ይዘው ሲሄዱ ምግቡን ይቀበላል፣ እሳቸውን ሊያይ ግን አይወጣም። ከዓመታት በኋላ ሲፈታ ግቢያችን አልተመለሰም፤ ቡታጅራ ሄዶ ሥራ ጀመረ፣ አገባ፣ ወለደ። ለዒድ ይመጣል፤ በር አጠገብ ይቀመጣል፤ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ይሄዳል። ድሮ «እማ፣ ነይ እንጂ፣ ብዪ እንጂ» እያለ ሲያሯሩጣቸው የኖረ ልጅ፣ ከእስር ቤት ከወጣ ወዲህ እናቱን «እርስዎ» ማለት ጀመረ። «ደህና ነዎት? አመምዎት?» ይላቸዋል። ሰው ሰምቶ «እንዴት ያለ ሥርዓት ያለው ልጅ» ይላል። እትዬ ረሒማ ለእናቴ ሲነግሯት ግን፣ «የሰው እናት አደረገኝ» ብለው ነበር።

ግቢው ሲፈርስ ተበተንን። ጋሽ በቀለ ሞቱ፤ እናቴም ተከተለች፤ ሌሎቹ ከከተማው ዳርና ዳር ኮንዶሚኒየም ገቡ። እኔም አገባሁ፣ ወለድኩ፣ የቢሮ ሥራ ሠራሁ፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ «አስታርቂን» ሲሉኝ የማመካኘው አላጣም። እትዬ ረሒማን ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቅኳቸው ከመሞታቸው በፊት ባለው ክረምት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አልጋ ይዘው ነው። ያ ደልዳላ ሰውነት ከብርድ ልብሱ ሥር መኖሩ አያስታውቅም ነበር። ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፤ ስለ ዝናቡ አወራን። ከዚያ ሳላነሳው እሳቸው አነሱት።

«ብዙ ሰው ደግ አደረግሽ ብሎኛል፤ በእናት አንጀት እንዴት ቻልሽ ያለኝም አለ። አልቀየምኩም። ብቻ ያን ቀን፣ እኔ ቤት፣ ሁላችሁም ወይ ያስረክበው አላችሁ፣ ወይ ይደብቀው አላችሁ። አንድ ሰው እንኳ ‹ምን ያድርግ፣ ምስኪን› አላለም።»

«ቢባል ኖሮ» አልኩ፣ «ከድርን አይወስዱትም ነበር?»

«እሱንስ እወስደው ነበር» አሉ። «ከናንተ አንዳችሁን ጠርቼ አብረን እንሄድ ነበር እንጂ።»

እጃቸውን ያዝኩ፤ በሩ ተንኳኩቶ ሌላ ጠያቂ እስኪገባ ድረስ ይዤው ቆየሁ።

ያን እሁድ ያ ክፍል ውስጥ ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ነበርን፤ ሞቴን የሚሞቱልኝ፣ ሲርበኝ የሚያጎርሱኝ፣ ሳስነጥስ ከአልጋቸው ሆነው የሚመርቁኝ ሰዎች። ዛሬ እንደዚያ ያለ ጎረቤት የለኝም፤ ከነሱም በሕይወት ያሉት ጥቂት ናቸው። ፖሊስ ጣቢያው ከግቢያችን አሥር ደቂቃ ቢያስኬድ ነው። እናትና ልጅ ያን መንገድ ብቻቸውን ሄዱ፤ እኛም ከየደጃችን ቆመን «እንደምን አደራችሁ» አልናቸው።