ለድጎማ ብዬ አባቴ ሞተዋል አልኩ

ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። እግዚአብሔር በዚህ ዓመት ያደረገልኝን ልነግራችሁ ፈቃድ ጠይቄ ቆሜያለሁ። የቤቱ ሽማግሌ፣ ሰው ሳይመሽበት እንዲገባ፣ አጠር አድርገህ ተናገር ብለውኛል። እዚያ በሩ አጠገብ የተቀመጠችው አክስቴ ወርቄ ደግሞ ከመቂ ድረስ የመጣችው ሁሉንም ስናገር ልትሰማ ስለሆነ አንዲት ነገር እንዳልዘል አስጠንቅቃኛለች። ሁለቱንም ለማስደሰት እሞክራለሁ። ድምፄን ዝቅ የማደርገው ቀበሌው ሰምቶ ይህን የምንሰበሰብበትን ቤት እንዳይዘጋብን ነው፤ ከኋላ ያላችሁ ቀረብ በሉ። አሜን ስትሉም ቀስ ብላችሁ በሉ። ስሙ ይባረክ።

የተወለድኩት ሁሩታ ነው። አባቴ ስንዴና ገብስ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። እናቴ በልጅነቴ ስላረፈች ያሳደጉኝ አባቴና እህታቸው አክስቴ ወርቄ ናቸው። አክስቴ መቂ ሽንኩርት እየሸጠች የትምህርት ቤት ልብሴን ትገዛልኝ ነበር። የምጾምና ቤተ ክርስቲያን የምስም ልጅ ነበርኩ፤ አልሰከርኩም፣ ከሰው አልተደባደብኩም። የእኔ በሽታ ሌላ ነበር። ሰው ምን መስማት እንደሚፈልግ ፊቱን አይቼ አውቅና ያንኑ እነግረው ነበር። ለአስተማሪ የአስተማሪን፣ ለአባቴ የአባቴን። በዚህም ጨዋ ልጅ ተባልኩ።

ባለፈው መስከረም እዚህ ናዝሬት ኮሌጅ ስገባ አባቴ እህል ሸጠው መቶ ሃያ ብር ሰጡኝ። ትምህርቱ አይከፈልበትም፤ የመኝታ ክፍሉ ግን ሞልቶ ስለነበር ከውጭ የመጣን አዲስ ተማሪዎች ቤት ተከራይተን፣ በራሳችን በልተን እንድንማር ተነገረን። እኔ እትዬ ዘነበች ግቢ አንዲት ክፍል በአሥር ብር ተከራየሁ። መቶ ሃያ ብሩ በአግባቡ ቢያዝ እስከ ጥር ያደርሰኝ ነበር። እኔ ግን በመጀመሪያው ወር ጃኬት ገዛሁ። ከጓደኞቼ ጋር ኬክ ቤት ስንገባ ሂሳብ የምከፍል እኔ ነኝ። ሲኒማ ስንሄድ የሁለት ሰው ትኬት የምቆርጥ እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም፤ ለጋስ ሲሉኝ ደስ ስለሚለኝ ነው። ለአባቴ ግን «ገንዘቡ በደንብ እየበቃኝ ነው» ብዬ እጽፍ ነበር። ኅዳር አጋማሽ ላይ የቀረኝ የሳምንት ዳቦ የማይገዛ ነበር።

በዚያ ሳምንት ኮሌጁ ማስታወቂያ ለጠፈ። ችግረኛ ተማሪዎች በወር ሃያ አምስት ብር ድጎማ ይሰጣቸዋል፣ አባት ወይም አሳዳጊ የሌለው ይቀድማል ይላል። ፎርሙን ወስጄ ከጓደኛዬ ከግርማ ጋር ቁጭ ብለን ማንበብ ጀመርን። አባት በሕይወት አለ ወይስ የለም የሚለው መስመር ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ።

ግርማ ሳቀብኝ። «ሁለት በሬ ያለው ገበሬ ልጅ ነኝ ብለህ ልትጽፍ ነው? አንተ ሞኝ፣ ወረቀት ሰው አይቀብርም» አለኝ።

እኔም «የለም» ብዬ ጻፍኩ። በምን እንደሞቱ የሚጠይቅ መስመር ነበር። ምች ብዬ ሞላሁ።

ፎርሙ ብቻውን አይበቃም፤ ቀበሌው ሦስት ጎረቤት አስፈርሞ ማኅተም ማድረግ አለበት። ለእትዬ ዘነበች ነገርኳቸው። እጄን ይዘው አለቀሱ። እሳቸውም አባታቸውን ያጡት በእኔ ዕድሜ እንደሆነ አጫወቱኝ፤ የዚያን ወር ኪራይም አልተቀበሉኝም። ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ቀበሌ ሄደው ፈረሙልኝ። ጸሐፊው የእትዬ ዘነበችን እምነት ያውቃል። «ጴንጤ አይዋሽም ትላላችሁ አይደል? እንግዲህ ፈርሚ» አላቸው። ፈረሙ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ስሜ ወጣ። ተቃውሞ ያለው እንዲያመለክት ተብሎ የሁላችንም ስም እስከ አያት ድረስ፣ ከነምክንያቱ ኮሌጁ በር ላይ ተለጠፈ። በእኔ ስም ትይዩ አባቱ በሞት የተለዩት ይላል፤ ከሥሩ ማኅተም አለበት። ሁለት ወር ሃያ አምስት ብሬን ተቀበልኩ።

ወንድሞች፣ ከዚህ በኋላ የሆነውን እኔ አላሰብኩትም። ከመቂ ለስብሰባ የመጣ አንድ መምህር ያንን ዝርዝር አነበበ። የአባቴንና የአያቴን ስም አይቶ የአክስቴ ወንድም መሆናቸውን አወቀ። ክፉ ሰው አልነበረም። መቂ ሲመለስ በመንገድ እንደ ወሬ እንዳትሰማው ብሎ ለጎረቤት ሽማግሌዎች ነገረ። እነሱም እንደ ወጉ ማልደው ቤቷ ገብተው ለአክስቴ መርዶ ነገሯት። ማንም አልጠረጠረም፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሞተዋል ካለ ማን ይጠረጥራል? ዕድሩ ድንኳን ተከለ። አክስቴ በሕይወት ላለ ወንድሟ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጠች።

በአራተኛው ቀን መቃብሩን ልታይ ወደ ሁሩታ ስትነሳ በመንገዷ እኔን ልትይዝ ናዝሬት ወረደች። ከምሳ በኋላ ከክፍል ስወጣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩ ላይ አየኋት። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ወንድሜን ሳታሳየኝ ቀበርከው?» አለች። ቀጥላም አርባው አልፎ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ሳይወጣለት ቀርቶ እንደሆነ እሷ ታወጣለት ዘንድ።

ያኔ አንዲት ቃል ይበቃ ነበር። ግን ተማሪዎቹ ከበውናል፤ የድጎማ ኮሚቴው ጸሐፊም ከቢሮው ወጥተው እግዚአብሔር ያጽናህ አሉኝ። እኔም አሜን አልኩ። አክስቴን አቅፌ አለቀስኩ፤ አባቴ ሁሩታ እህል እየወቁ እንደሆነ እያወቅሁ። ወዲያው ክንዴ ላይ ከበደችኝ። ወደቀች። ሆስፒታል ወሰድናት።

ሐኪሙ የደም ግፊቷ በጣም ከፍ ማለቱን ነገሩኝ። እስኪወርድ ድረስ ምንም አዲስ ነገር እንዳትሰማ፣ ክፉም ይሁን ደግ፣ አሉ። ሦስት ቀን መድኃኒት ተሰጣት፣ ግፊቱ አልወረደም። ምግብም አልቀምስ አለች። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ ወደ ጎን ወስደው «ልብህን አዘጋጅ፤ ሐዘኑ አላስወርድ ብሎናል» አሉኝ።

አጥሚት ይዘው ይመላለሱ የነበሩት እትዬ ዘነበች ናቸው። የዚያን ቀን የጠያቂ ሰዓት ሲያልቅ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለን ነበር።

«እትዬ፣ አባቴ አልሞቱም» አልኳቸው።

«መቼ ነው ያልሞቱት?» አሉኝ ግራ ገብቷቸው።

«ጭራሽ። አሁን አውድማ ላይ ናቸው።»

የፔርሙሱን ክዳን ደጋግመው አጠበቁ። እኔም ምክንያት መደርደር ጀመርኩ። ነገሩ ከወጣ እርስዎም በሐሰት ፈረሙ ተብለው ይጠየቃሉ፣ በእምነትዎ ምክንያት ቀድሞም አይወዱዎትም፣ ስለዚህ ለእርስዎ ስል ዝም ብል ይሻላል አልኳቸው።

«በእኔ አታመካኝ» አሉ። «ለእኔ የሚመጣውን እኔ እሸከመዋለሁ። አንተ ለሁሉ ሰው ደስ የሚለውን ልጅ ስትሆን ኖርክ። ጌታ የሞተው ለዚያ ለደህናው ልጅ አይደለም፤ እሱ የለም። የሞተው ፎርሙን ለሞላኸው ለአንተ ነው። ሁሉን አውቆ ያልጣለህ አንድ አለ፤ ከእሱ ጀምር።»

ወንድሞች፣ ስለ ጌታ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም አልልም። እንዲህ ግን ሰምቼ አላውቅም። እዚያው አግዳሚው ላይ ጸለይን። ብርሃን አላየሁም፣ አልተንቀጠቀጥኩም። ያደረግሁትን አንድ በአንድ ለጌታ ተናገርኩ፣ ጃኬቱንም ኬኩንም ጭምር፤ ምሕረቱንም ለመንኩ። ስጨርስ ለማን ምን ብዬ እንደነገርኩ ማስታወስ የማያስፈልገኝ ሰው ሆንኩ። ይህ ሰላም ነው። ስሙ ይመስገን።

በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሁሩታ ሄድኩ። አባቴ እህል ያበራያሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ንፋሱ እንዳያመልጣቸው መንሹን ሳያቆሙ ሰሙኝ። ንፋሱ ጋብ ሲል ጭዱ ላይ ተቀመጡ።

«ስንት ሰጡህ?»

«በወር ሃያ አምስት ብር።»

«አሮጌ በሬም በዚህ አይሸጥም» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «በምን ሞተ አልካቸው?»

«በምች።»

«እኔን? ምች?» ከነገሩ ሁሉ ይህ የበለጠ የከነከናቸው መሰለኝ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። ብትጠይቀኝ እኮ ጊደሯን እሸጥልህ ነበር፣ እንደማልሰጥህ ፈርተህ ነው ወይ አሉኝ። አይደለም አልኩ፤ ብሩን ምን አደረግኸው እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። ጋቢያቸውን አንስተው ውሃ ጠጡና «እህቴ ዘንድ አድርሰኝ» አሉ።

ሐኪሙ ሲሰሙ መጀመሪያ ተቆጡኝ። ትንሽ አስበው ግን ሐዘኑ ራሱ እየገደላት ነውና ይነገራት፣ በጣም በዝግታ ግን አሉ፤ ነርስም አጠገባችን አቆሙ። አባቴ ከበሩ ውጭ ቀሩ። እትዬ ዘነበች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው መርዶ እንደሚነገር አድርገው ከሩቅ ጀመሩ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ጤናዋ ጠየቋት። ከዚያ መርዶ ተሳስቶ ሰምታ ታውቅ እንደሆነ ጠየቋት። አልሰማሁም አለች።

«እኔ ሰምቻለሁ» አሉ።

«የማንን?»

«የአንቺን።»

በዚህ መሐል አባቴ አልቻሉም፤ ውጭ ሆነው ሳል አመለጣቸው። አክስቴ በክርኗ ተነሳች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በአንድ ቤት አብራው ያደገችውን ሳል ታውቀዋለች። አባቴ ሲገቡ ፊታቸውን ዳሰሰች፣ ጉልበታቸውን ዳሰሰች። ለቅሶም ሳቅም አልነበረም፤ ረጅም ትንፋሽ ብቻ። ጌታ ይባረክ።

ከዚያ «ታዲያ ማነው ሞተ ያለው?» አለች።

መልሱን ከማንም ፊት ላይ አልፈለግሁም። «እኔ ነኝ፣ አክስቴ። ለድጎማ ብዬ» አልኩ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና ውጣ አለችኝ። ወጣሁ።

የዚያኑ ቀን ምሽት አጥሚቱን ጠጣች። በማግስቱ ግፊቷ ወረደ። ሐኪሙ «መድኃኒቱ ያው የሦስቱ ቀን መድኃኒት ነው፤ አሁን ሠራ» አሉ። ደስታ ነው ያዳናት ትሉ ይሆናል። እኔ ደስታውንም የሰጠ እሱ ነው እላለሁ፤ በእኔ ኃጢአት አንዲት ነፍስ እንዳትጠፋ ያደረገልኝ እሱ ነው። ክብር ለስሙ ይሁን።

የቀረውን ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ። ሰኞ ከእትዬ ዘነበች ጋር ኮሚቴው ፊት ቀረብን። ሁሉን ተናገርኩ፤ ሦስቱ ፈራሚዎች በእኔ መታለላቸውንም ጽፌ ፈረምኩ። ድጎማው ተሰረዘ፤ የወሰድኩትንም በየወሩ አምስት አምስት ብር እንድመልስ ተወሰነ። ስሜ እንደገና በር ላይ ተለጠፈ፣ በሐሰት ያመለከተ ተብሎ። ከትምህርቱ ግን አላባረሩኝም። እትዬ ዘነበችን ቀበሌው ጠርቶ ሁለት ቀን አሰራቸው። ጸሐፊው «አይዋሹም የተባሉት እነዚህ ናቸው» እያለ ለሰው አሳያቸው። ሲፈቱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ይቅርታ ስጠይቃቸው ቤቱን ጠርገኸው ነበር ወይ ብቻ አሉኝ። ያው እዚህ መሐላችን ተቀምጠዋል። ለእኔ መዳን የከፈሉት እሳቸው ናቸው፤ ከጌታ ቀጥሎ ማለቴ ነው።

አክስቴ ስድስት ሳምንት አላናገረችኝም። ከዚያ በአውቶቡስ አንድ ኩንታል ሽንኩርት ላከችልኝ፤ ላዩ ላይ በታሰረች ቁራጭ ወረቀት ላይ «ሸጠህ ተመገብበት፤ ስንት እንደሸጥከው ጻፍልኝ» ይላል። እውነተኛውን ዋጋ ጻፍኩላት። ርካሽ ነበር፣ ስቃብኛለች። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እህል መጋዘን ጆንያ እየቆጠርኩ እመዘግባለሁ። ብር ሲገባ መጀመሪያ አሥራቱን፣ ቀጥሎ ኪራዩንና የኮሌጁን አምስት ብር ለየብቻ አስቀምጣለሁ፤ በተረፈው እበላለሁ። ባልተረፈ ጊዜ ከጓደኞቼ ጋር ኬክ ቤት አልገባም፣ ምክንያቱንም እነግራቸዋለሁ። ግርማ መጀመሪያ ተቀይሞኝ ነበር። አሁን አልፎ አልፎ መጥቶ ይጠይቀኛል፤ ጸልዩለት።

ለሁለተኛው መንፈቅ ድጎማ እንደገና ሊጠየቅ ይችላል ተብሏል። ባለፈው ሐሙስ አመልክቻለሁ። አባቴን ከነሁለት በሬያቸው ጽፌያለሁ፤ ባለፈው ምን እንዳደረግሁም አስቀምጫለሁ። ጸሐፊው አንብበው ተስፋ አታድርግ አሉኝ። ምናልባት አይሰጡኝም። ባይሰጡኝም ጌታ ጌታ ነው፤ እስከ ዛሬ ጾሜን አላደርኩም።

እዚህ ካላችሁት ወጣቶች መካከልም ያንን ፎርም የወሰዳችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የምትጽፉት ነገር ጨንቋችሁ ሊሆን ይችላል። ጌታ እውነታችንን ሰምቶ አይጥለንም፤ እኔን አልጣለኝም። እመኑት። ከጸሎቱ በኋላ እዚያ መስኮቱ ሥር እቀመጣለሁ፤ እስክሪብቶ ይዣለሁ። ፎርማችሁን አምጡና አብረን እንሙላው።