አዴ ሌሊሴ ያባረሩብኝ ሴቶች

በጃንሆይ ዘመን ነቀምት ሐኪም ቤት ቁስል የማጥብ ድሬሰር ሳለሁ፣ ጡታቸው ላይ እብጠት ያለባቸውን ሴቶች ሳይብስባቸው ፈልጌ እንዳመጣ ወደ አኖ ገበያ ተላክሁ። ከጨው ተራ አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግቼ ማስተማር ስጀምር፣ ሰው ሁሉ አዴ ሌሊሴ የሚላቸው አንዲት እናት መጥተው ጎኔ ተቀመጡ። ሴት በቀረበችኝ ቁጥር በጆሮዋ አንድ ነገር ሹክ ይሏታል፤ እሷም ፈገግ ብላ ትሄዳለች። አሥራ አንድ ቆጠርኩ። አንዷም አልቀረችልኝም። ጥፋቱ የኔ ይሆን ብዬ ንግግሬን ሁለት ጊዜ አስተካከልኩ፤ ለውጥ የለም።

«አዴ፣ ምን በድዬዎት ነው የሚያባርሩብኝ?» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ ሚስት አለህ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያ እዚሁ ቆይ» ብለውኝ ሄዱ።

ሚስት ከዚህ ምን እንዳገናኛት ግራ ገባኝ። ገበያው ሊበተን ሲል ሁለት ሴቶች አስከትለው ተመለሱ።

«ሚስት ለሌለው ጎረምሳ ጡቷን የምታሳይ የለችም፤ ቤቴ ጠብቁኝ ያልኳቸውን ሁሉ ጓዳዬ አስገብቼ ዳብሻለሁ። ዘጠኙ ደህና ናቸው። እነዚህን ግን ዛሬውኑ ውሰዳቸው።»

«እርስዎ በምን ያውቃሉ?»

ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ ጠበቅ አደረጉት። የግራ ደረታቸው ልሙጥ ነበር።

«የኔን የቆረጡት እናንተው ጋ አይደል?»