ውሃ ያልጠጣው ናሙና

ነጃት በግብፅ ታንታ ከተማ ለዓመታት የኮንክሪት ናሙና በማሽን እየጨፈለቀች ጥንካሬውን ስትለካ ኖራለች። ዛሬም የመለኪያው መርፌ ሽቅብ ሲወጣ እንደ ጀማሪ ትንፋሿን ትይዛለች። የዛሬው ናሙና የወንድሟ የሰብሪ ነው። ለሚያገባው ልጁ በቤቱ ላይ ፎቅ ደርቧል፤ ሶሌታውን፣ ማለትም የፎቁን የኮንክሪት ወለል፣ ከሥር የደገፈው እንጨት ነገ ይነሳል።

ናሙናው ጓ ብሎ ፈረሰ። መርፌው ግን ከሚፈለገው በላይ ደርሶ ነበር።

«አላልኩሽም? ብረት ነው! እልል በይ እንጂ፣ የሙሽራው አክስት!» አለ ሰብሪ።

ነጃት ስብርባሪውን እያገላበጠች መረመረች።

«ናሙናውን መቼ ሞላኸው?»

«ገና የመጀመሪያው ሲቦካ ነዋ። ሠራተኞቹ ውሃ ጨምርልን እያሉ ሳይጨቀጭቁኝ።»

«ጨመርክላቸው?»

«በዚያ ሐሩር አካፋው አልገፋ ሲላቸው ምን ላድርግ፣ እትዬ? በድካም ልግደላቸው?»

ኮንክሪት ውሃ ሲበዛበት ለሠራተኛ ይቀላል። ሲደርቅ ግን ትርፉ ውሃ ተንኖ በውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳ ይተዋል፤ ሸክም ሲመጣ የሚከዳውም በዚያ በኩል ነው። ይህ ናሙና ደግሞ ያ ውሃ አልደረሰበትም። ስለ ሶሌታው ምንም አልተናገረም ማለት ነው።

«ድጋፉን እንዳትነካ። ከራሱ ከሶሌታው ቆርጬ እለካለሁ።»

«የሰርጉ ጥሪ ተበትኗል እኮ! ሰው ምን ይለኛል?»

«የሰርጉ ዋዜማ የሂና ጭፈራ የት ነው?»

«ሶሌታው ላይ ነዋ፤ የት ሊሆን...» ፍርስራሹን አየው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ድጋፉን ለሚያነሳው አናጺ ደወለ።

«ነገ እንዳትመጣ» አለው።